የንፋስ ጭነት ማስያዎች ሲፈተኑ፦ የኦንላይኑ፣ የኤክሴሉ እና የፍሬም ሶፍትዌሩ

ለጣሪያና ለግድግዳ የንፋስ ጭነት የሚያወጡት መሣሪያዎች ብዙ ቢመስሉም ዓይነታቸው ሦስት ነው፦ ብሮውዘር ላይ የሚከፈቱ የኦንላይን ማስያዎች፣ ከቢሮ ቢሮ የሚዞሩ የኤክሴል ፋይሎች፣ እንዲሁም እንደ ኢታብስና ስታድ ፕሮ ባሉ የፍሬም ሶፍትዌሮች ውስጥ የሚገኘው ራስ ሰር ጭነት። ማባዛቱ አንዳቸውንም አይቸግርም። ስሕተቱ የሚገባው ተጠቃሚውን መጠየቅ ሲገባቸው ሳይጠይቁ ገምተው በሚያልፉበት ቦታ ነው። ስለዚህ እዚህ የሚመዘኑት በፍጥነታቸው ወይም በመልካቸው ሳይሆን በሚጠይቁትና በሚያሳዩት ነገር ነው። መለኪያው የአሜሪካው የጭነት ኮድ ኤኤስሲኢ 7-22 (22ቱ የ2022 እትም ማለት ነው) ሲሆን በአውሮፓው ኮድ፣ በዩሮኮድ፣ ለሚሠሩ አስፈላጊ በሆነበት ቦታ የኢኤን 1991-1-4 አቻ ተጠቅሷል።

መፈተኛው ሕንፃ

ማንኛውንም ማስያ ለመፈተን መልሱ በእጅ የታወቀ ሕንፃ ያስፈልጋል። የእኛው ሆን ተብሎ ቀላል ተደርጓል፦ ወለሉ 40 በ20 ሜትር፣ ከፍታው 8 ሜትር፣ ጣሪያው ጠፍጣፋ፣ ፓራፔት (ከጣሪያው በላይ የሚወጣ የግድግዳ ጠርዝ) የሌለው ዝግ መጋዘን። ቦታው ክፍት ሜዳ ነው፤ በኮዱ አጠራር ኤክስፖዠር ሲ። የንፋሱ ፍጥነት 50 ሜትር በሰከንድ፣ የመልክዓ ምድርና የከፍታ ፋክተሮች ሁለቱም 1.0።

በ8 ሜትር ላይ የኤክስፖዠር ኮኢፊሸንቱ (የከፍታውንና የአካባቢውን ክፍትነት የሚያስገባው ማባዣ) 0.95 ይመጣል። የአየር ጥግግቱን የሚወክለው 0.613 × 0.95 × 50² ሲባዛ 1,456 ኒውተን በካሬ ሜትር፣ ማለትም 1.46 ኪሎኒውተን በካሬ ሜትር ይሆናል። የመጀመሪያው ወጥመድ ያለው እዚሁ ነው። እስከ 7-16 እትም ድረስ 0.85 የሆነው የአቅጣጫ ፋክተር (ከፍተኛው ንፋስ ከአስከፊው አቅጣጫ የመምጣቱ ዕድል አነስተኛ ስለሆነ የሚደረግ ቅናሽ) በዚህ ቀመር ውስጥ ስለነበር ማስያው 1.24 ብሎ ያሳያል። በ7-22 ግን ፋክተሩ ወጥቶ ወደ ግፊቱ ቀመር ተዛውሯል። የመጨረሻው ግፊት በሁለቱም አንድ ነው፤ ችግሩ የሚመጣው የአንዱን እትም ገጽ ከሌላው ጋር የቀላቀለ ፋይል 0.85ን ሁለት ጊዜ ሲያባዛ ወይም ጨርሶ ሲዘለው ነው። ሁለት ጊዜ ከተባዛ ጭነቱ በ15 በመቶ ያንሳል፤ ቁጥሩ አሁንም ምክንያታዊ ስለሚመስል ማንም ልብ አይለውም። ማስያው 1.46ም ሆነ 1.24 ቢያሳይ የትኛውን እትም እንደሚከተል ከጎኑ ካልጻፈ እዚያው ላይ ነጥብ ይጥላል።

ለዋናው የንፋስ መቋቋሚያ ሥርዓት (ሕንፃውን በሙሉ ለሚያቆመው ፍሬምና መሠረት)፣ ንፋሱ ረጅሙን የ40 ሜትር ግድግዳ ሲመታ የሚጠበቁት ውጤቶች እነዚህ ናቸው። የሚመታው ግድግዳ አናት ላይ 0.84፣ ከ4.6 ሜትር በታች 0.75፣ የጀርባው ግድግዳ መሳብ 0.53፣ ጣሪያው ከንፋሱ ጠርዝ እስከ 8 ሜትር ድረስ ወደ ላይ 0.95፤ ሁሉም በኪሎኒውተን በካሬ ሜትር። የውስጡ ግፊት ±0.22 ነው። ስለዚህ የጣሪያው የተጣራ መሳብ በዚያ ክልል 1.17 ይደርሳል። አጠቃላዩ አግድም ጭነት 415 ኪሎኒውተን አካባቢ ነው፤ የውስጡ ግፊት ሁለቱን ግድግዳዎች በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚገፋ ከዚህ ድምር ውስጥ ይጠፋል። እነዚህን ቁጥሮች ይዞ የትኛውም መሣሪያ ፊት መቅረብ ይቻላል።

የፍጥነቱ ሳጥን

«የንፋስ ፍጥነት» ብሎ አንድ ሳጥን ብቻ የሚሰጥ ማስያ ትልቁን ኃላፊነት በተጠቃሚው ላይ ጥሎ ዝም ብሏል ማለት ነው። ኤኤስሲኢ የሚፈልገው በ10 ሜትር ከፍታ፣ በክፍት ሜዳ የተለካ የ3 ሰከንድ ነፋሻ ፍጥነት ሲሆን ለተራው ሕንፃ (የአደጋ ምድብ 2) የመመለሻ ዘመኑ (ያ ፍጥነት በአማካይ አንድ ጊዜ የሚደርስበት ዘመን) 700 ዓመት ነው፤ ለምድብ 3 ወደ 1,700፣ ለምድብ 4 ወደ 3,000 ከፍ ይላል። ዩሮኮድ ደግሞ የ10 ደቂቃ አማካይ ፍጥነት በ50 ዓመት ይወስዳል። ሁለቱም በሜትር በሰከንድ ስለሚጻፉ ቁጥሩ ራሱ ማንነቱን አይናገርም።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ እንይ። 25 ሜትር በሰከንድ የሆነ የ10 ደቂቃ አማካይ ፍጥነት፣ በዩሮኮድ የመሬት ምድብ 2፣ በ10 ሜትር ከፍታ ላይ 919 ኒውተን በካሬ ሜትር ከፍተኛ ግፊት ይሰጣል። ያንኑ 25 ኤኤስሲኢ ማስያ ውስጥ ያስገባ ሰው 383 ያገኛል። ጭነቱ ከግማሽ በታች ወረደ ማለት ነው። በዚህ ላይ የኤኤስሲኢ ፍጥነት ለጥንካሬ ስሌት የተዘጋጀ በመሆኑ የጭነት ፋክተሩ 1.0 ነው፤ ዩሮኮድ ግን 1.5 ያባዛል። የዩሮኮዱን ፍጥነት ወስዶ በ1.0 የሰራ ሰው ሁለቱንም ጉድለት አንድ ላይ ይሸከማል። ጥሩ ማስያ ከሳጥኑ አጠገብ የአማካይ ጊዜውንና የመመለሻ ዘመኑን ይጽፋል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ምርጫውን ያስገድዳል፤ ሳይመርጡ አያሳልፍም።

ከባሕር ወለል በላይ ያለውን ከፍታ የማይጠይቁም ብዙ ናቸው። ይህ ግን ይቅር የሚባል ነው። አየሩ ሲሳሳ ግፊቱ ይቀንሳል፤ በ2,000 ሜትር ላይ ፋክተሩ 0.79 ነው። ኮዱ 1.0 ብሎ ማለፍን ስለሚፈቅድ አለመጠየቁ ብረት ያስወጣ እንደሆን እንጂ ሕንፃ አይጥልም። ለተራራና ለገደል ግን እንዲህ ማለት አይቻልም፤ የመልክዓ ምድር ፋክተሩ ከ1.0 በላይ ነው የሚሄደው። ስለዚህ እሱን በዝምታ 1.0 የሚያደርግ መሣሪያ ጉብታ አናት ላይ ላለ ሕንፃ አደገኛ ነው።

የኦንላይን ማስያዎች

ፈጣን ናቸው፤ ሥዕል ያሳያሉ፤ ለመጀመሪያ ግምት የሚያህላቸው የለም። ድክመታቸው ጎልቶ የሚታየው ጣሪያው ላይ፣ በተለይም በቆርቆሮ፣ በስክሩና በፐርሊን (ቆርቆሮውን በሚሸከመው አግድም ዘንግ) ጭነት ላይ ነው።

ብዙዎቹ «የጣሪያ ግፊት» ብለው የሚሰጡት አንድ ቁጥር የዋናው ሥርዓት ግፊት ነው፤ በእኛ ሕንፃ 1.17። ይህ ለፍሬሙና ለመሠረቱ ትክክል ነው። ለስክሩ ግን አይደለም። ትንሽ ስፋት ላይ የሚያርፈው የአጭር ጊዜ መሳብ፣ በተለይ ማዕዘን ላይ፣ ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ከ1 ካሬ ሜትር ለሚያንስ ስፋት በ7-22 የጠፍጣፋ ጣሪያ ኮኢፊሸንቶች መሀል ላይ −0.9፣ ቀጥሎ ባለው ዞን 1 −1.7፣ ጠርዝ ላይ −2.3፣ ማዕዘን ላይ −3.2 ናቸው። የውስጡን ግፊት ኮኢፊሸንት 0.18 ጨምረን በ1.24 (1.46 × 0.85) ስናባዛ 1.34፣ 2.33፣ 3.07 እና 4.18 ኪሎኒውተን በካሬ ሜትር እናገኛለን። ፐርሊኖቹ በ1.2 ሜትር፣ ስክሩዎቹ በ25 ሳንቲ ሜትር ቢራራቁ አንዱ ስክሩ የሚይዘው 0.3 ካሬ ሜትር ነው፤ መሀል ላይ 0.40 ኪሎኒውተን፣ ማዕዘን ላይ 1.25 ኪሎኒውተን ይሳባል። በ1.17 የተሠራ ሰው ለማዕዘኑም 0.35 ብቻ አስቧል። ቆርቆሮ መነሳት የሚጀምረው ከማዕዘን የሆነው በዚህ ነው።

እትሙን ለመለየት ከዚህ የተሻለ ፈተና የለም። በ7-10 የመሀሉ ኮኢፊሸንት −1.0፣ ጠርዙ −1.8፣ ማዕዘኑ −2.8 ነበር። 7-16 ሁሉንም ለወጣቸው፤ የዞኖቹንም ስፋት ከሕንፃው ጎን ርዝመት ወደ ከፍታው አዛወረው። ጠርዙ 0.6 እጥፍ ከፍታ፣ ማለትም 4.8 ሜትር ነው። ከዚያ በኋላ እስከ 9.6 ሜትር ድረስ ዞን 1 ነው። ጣሪያችን 20 ሜትር ስፋት ስላለው ዝቅተኛው የመሀል ዞን የሚተርፈው በ0.8 ሜትር ስፋትና በ20.8 ሜትር ርዝመት ብቻ ነው። ማስያው ሰፊ የመሀል ዞን ስሎ መሳቡን 1.46 (1.18 × 1.24) ብሎ ካሳየ ገና 7-10 ላይ ነው ያለው፤ በአብዛኛው ጣሪያ ላይ የሚፈለገው 2.33 ነው። «7-22» የሚል አርእስት ለጥፈው ዞኑን ያላደሱ ማስያዎች ስለሚኖሩ አርእስቱን ሳይሆን ሥዕሉን ማመን ይሻላል።

ለግድግዳ ዞኖቹ እንደ ድሮው ናቸው። የማዕዘኑ ስፋት ከአጭሩ ጎን 10 በመቶና ከ0.4 እጥፍ ከፍታ ትንሹ ነው፤ ሆኖም ከአጭሩ ጎን 4 በመቶም ሆነ ከ0.9 ሜትር ማነስ የለበትም። በእኛ ሕንፃ 2 ሜትር ይመጣል። ጣሪያው ከ10 ዲግሪ ስለማይበልጥ የግድግዳ ኮኢፊሸንቶች በ10 በመቶ ይቀነሳሉ፤ ማዕዘኑ 1.78፣ መሀሉ 1.45 ይሆናል። ይህን ቅናሽ የሚረሳ ማስያ ጭነት ያበዛል እንጂ አያሳንስም፣ ብዙ አይወቀስም።

የጣሪያ ክንፍንም መጠየቅ ነበረባቸው። ከግድግዳው ወጣ ያለ ክንፍ ከላይ በ0.95 ይሳባል፣ ከታች ደግሞ ግድግዳውን የመታው ንፋስ በ0.84 ይገፋዋል፤ ድምሩ ወደ ላይ 1.79 ነው። ክንፍ አለ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የኦንላይን ማስያ ካገኛችሁ አትልቀቁት።

በሩ ክፍት ነው ዝግ?

ሦስቱም ዓይነት መሣሪያዎች በእኩል የሚወድቁበት ፈተና ይህ ነው። አብዛኞቹ ሲከፈቱ «ዝግ» ተመርጦ ይጠብቃል፤ የውስጡ ኮኢፊሸንት ±0.18። መጋዘኑ በአጭሩ ግድግዳ 5 በ5 ሜትር የሆነ የጭነት መኪና በር አለው እንበል፤ የሌላው ገጽ ክፍተት ሁሉ ተደምሮ 4 ካሬ ሜትር ይሁን። በሩ በማዕበል ጊዜ ክፍት ከሆነ 25 ካሬ ሜትሩ ከሌላው ድምር 1.1 እጥፍ ይበልጣል፣ ከ0.37 ካሬ ሜትርም ይበልጣል፣ የቀረው ገጽ ክፍተትም ከ20 በመቶ በታች ነው። ሦስቱ መመዘኛዎች ተሟሉ፤ ሕንፃው «በከፊል ዝግ» ነው፣ ኮኢፊሸንቱም ±0.55። የጣሪያው መሳብ ከ1.17 ወደ 1.63 ይዘላል።

ቀላል ጣሪያ ላይ ውጤቱ ከዚህም ይከፋል። የጣሪያው የራሱ ክብደት 0.3 ቢሆን ኮዱ ከመሳብ ጋር የሚያጣምረው 0.9ኙን፣ ማለትም 0.27 ብቻ ነው። የተጣራው ወደ ላይ የሚጎትት ኃይል ከ0.90 ወደ 1.36 ይሄዳል፤ አንድ ጊዜ ተኩል። የአንከር ቦልቱም፣ የመሠረቱ ክብደትም፣ የትረሱ የታችኛው ዘንግም በዚህ ይወሰናሉ፤ በስበት ጊዜ የሚወጠረው ያ ቀጭን ዘንግ በመሳብ ጊዜ ይታመቃል፣ የጎን ማሰሪያ ከሌለው ይጎብጣል።

ዩሮኮድ እዚህ ላይ የበለጠ ግልጽ ነው። መረጃ ከሌለ +0.2 እና −0.3ን ሁለቱንም ሞክር ይላል። የአንዱ ገጽ ክፍተት ከሌሎቹ ድምር ሦስት እጥፍና በላይ ከሆነ የዚያን ገጽ የውጭ ኮኢፊሸንት 0.9 ይወስዳል፤ እዚህ በሩን ንፋሱ ሲመታው 0.9 × 0.7 = 0.63። በሩ በማዕበል ጊዜ ይዘጋል ብለው ቢነሡ እንኳ ክፍት የሆነበትን ሁኔታ እንደ ድንገተኛ ጭነት እንድትፈትሹ ይጠይቃል። ማስያው የክፍተቶቹን ስፋት ገጽ በገጽ ጠይቆ ምድቡን በራሱ ካወጣ ከፍተኛ ነጥብ ይገባዋል። ተቆልቋይ ዝርዝር ብቻ ከሰጠ ውሳኔው የእናንተው ነው፤ ስሌቱን ለየብቻ ጽፋችሁ ያዙ።

የኤክሴል ፋይሎች

የኤክሴል ጥንካሬ ቀመሩ መታየቱ ነው፤ ድክመቱም ማንም ሊነካው መቻሉ ነው። ከባልደረባ የተቀበላችሁትን ፋይል ከመጠቀማችሁ በፊት ሦስት ቦታ ተመልከቱ።

አንደኛው ኢንተርፖሌሽን፣ ማለትም በሁለት የሠንጠረዥ ቁጥሮች መካከል ያለውን ማውጣት ነው። የትናንሽ ስፋቶች ኮኢፊሸንት በሎጋሪዝም ይሄዳል። በዩሮኮድ የጠፍጣፋ ጣሪያ ማዕዘን −2.5 ለ1 ካሬ ሜትር፣ −1.8 ለ10 ካሬ ሜትር ነው። ለ3 ካሬ ሜትር ትክክለኛው −2.17 ሲሆን በቀጥታ መስመር የሠራ ፋይል −2.34 ይላል። ይህ ስሕተት ወደ ደኅናው ወገን ያደላል። ወደ አደጋው የሚያደላው የምልክቱ ነው፦ በጣሪያ ተዳፋት ላይ አሉታዊውንና አዎንታዊውን ቁጥር አንድ ላይ ኢንተርፖሌት ያደረገ ፋይል ዜሮ አካባቢ ያርፋል፣ ጭነቱም ይጠፋል። ሁለቱም ኮዶች ኢንተርፖሌሽን የሚፈቅዱት ምልክታቸው አንድ በሆኑ ቁጥሮች መካከል ብቻ ነው። ስለዚህ ተዳፋት ጣሪያ ላይ ለአንድ ቦታ ሁለት ኮኢፊሸንት ሊኖር ይችላል፤ ለምሳሌ በኤኤስሲኢ በ10 ዲግሪ ለዝቅተኛ ሕንፃ −0.7 እና −0.18፤ ሁለቱም ይሠራሉ። አንዱን ብቻ የያዘ ፋይል የኮለኑን ከፍተኛ ሞመንት ሊስተው ይችላል።

ሁለተኛው የፐርሊኑ ውጤታማ ስፋት (ኮኢፊሸንቱ የሚነበብበት ስፋት) ነው። ፐርሊኑ 6 ሜትር ቢዘረጋና በ1.2 ሜትር ቢራራቅ ብዙ ፋይሎች 7.2 ካሬ ሜትር ያወጣሉ። ኮዱ ግን የጎን ስፋቱ ከርዝመቱ ሲሶ እንዳያንስ ይፈቅዳል፤ 6 × 2 = 12 ካሬ ሜትር፤ ኮኢፊሸንቱም ይቀንሳል። ጭነቱ የሚጫነው ግን አሁንም በ1.2 ሜትሩ ላይ ነው። ይህን 2 ሜትር ለጭነቱም የተጠቀመ ፋይል ፐርሊኑን ያለ አግባብ ያወፍራል።

ሦስተኛው ዝቅተኛው ጭነት። ዋናው ሥርዓት ግድግዳ ላይ ከ0.77፣ ጣሪያ ላይ ከ0.38፣ የሽፋኑ ክፍሎች (ቆርቆሮ፣ ፐርሊንና ስክሩ) ደግሞ ከ0.77 ኪሎኒውተን በካሬ ሜትር ማነስ የለባቸውም። ፍጥነቱን ወደ 30 ዝቅ አድርጉትና ፋይሉ ይህን ወለል ሳይነካ ከቀጠለ የተቆለፈ ሴል ውስጥ ሳይሆን ጨርሶ የለም ማለት ነው።

የፍሬም ሶፍትዌር

ባለ ስላብ ፎቅ ላይ የሚወዳደረው የለም። ኢታብስ ንፋሱን በዳያፍራሙ (እንደ አንድ ግትር ሰሌዳ በሚሠራው ወለል) ስፋት ሲያሰላ የሚመታውንና የጀርባውን ግድግዳ ደምሮ ወለል በወለል ያከፋፍለዋል። ኤኤስሲኢ የሚጠይቃቸውንም ጭነቶች፦ ሙሉውን፣ 75 በመቶ ከ15 በመቶ ኤክሰንትሪሲቲ (ከመሀል መራቅ) ጋር፣ በሁለት አቅጣጫ 75 በመቶ፣ እንዲሁም በሁለት አቅጣጫ 56.3 በመቶ ከመጠምዘዝ ጋር፣ በእጅ ከመጻፍ ያድናል። ይህ ብቻውን ለግዢው በቂ ምክንያት ነው።

በትረስ የተሸፈነ መጋዘን ላይ ግን ያው መንገድ አይሠራም። ዳያፍራም የለም ወይም ተጣጣፊ ነው፤ የጣሪያው መሳብም ከአግድም ጭነቱ ውስጥ የለም። ግድግዳውንና ጣሪያውን በሼል ወይም ጭነት በሚያስተላልፍ ባዶ ገጽ ሸፍኖ ኮኢፊሸንቱን ገጽ በገጽ መስጠት ይገባል። እዚህ ላይ የሚያሳስተው የገጹ የራሱ አክሲስ ነው። አንዱ ፓነል ተገልብጦ ከተሣለ መሳቡ ግፊት ይሆናል፤ ጣሪያው በንፋስ ወደ ታች ይጫናል፤ ሞዴሉም ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይሮጣል። ስታድ ፕሮ ላይ ደግሞ የከፍታና የግፊት ሠንጠረዡን የሚሞላው ተጠቃሚው ከሆነ ኮኢፊሸንቱና የነፋሻ ፋክተሩ (0.85) አስቀድመው መባዛታቸውን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ማረጋገጫው አንድ ነው፤ የመሠረት ሪአክሽን (መሠረቱ የሚመልሰው ኃይል) ድምር። በመፈተኛው ሕንፃ አግድሙ 415 ኪሎኒውተን አካባቢ መሆን አለበት። 210 አካባቢ ካያችሁ አትደንግጡ፤ በዳያፍራም ሲሠራ የታችኛው 4 ሜትር ግድግዳ ንፋስ በቀጥታ ወደ መሬት እንደሚሄድ ተቆጥሮ ቀርቷል። መሠረቱና የግድግዳው የታችኛው ድጋፍ ግን ያን ግማሽ ይሸከማሉ፤ ለየብቻ መጨመር አለበት። ከ415 የበለጠ ካያችሁ የውስጡ ግፊት በአንድ ግድግዳ ላይ ብቻ ተጭኗል ማለት ይሆናል። ቁመታዊው ድምር ደግሞ ወደ ላይ መሆን አለበት፤ ዜሮ ከሆነ ጣሪያው ተረስቷል።

የቱን እንያዝ?

ለፎቅ ፍሬም ሶፍትዌሩ፤ ለመጋዘንና ለአዳራሽ በደንብ የተፈተሸ ኤክሴል፤ የኦንላይኑ ለሁለተኛ ዓይን። የቆርቆሮና የስክሩ ጭነት ግን በሦስቱም በአንዱም ላይ ሳይተማመኑ በእጅ ቢሠራ ይመረጣል፤ አራት ኮኢፊሸንትና አንድ ማባዛት ነው። ክፍያ የሚጠይቅ የኦንላይን ማስያ ለመግዛት የምታስቡ ከሆነ ሪፖርቱን መጀመሪያ እዩት። የኮዱ እትም፣ የእያንዳንዱ ኮኢፊሸንት ምንጭ ሥዕል ቁጥር፣ የዞኖቹ ልክ በሜትር፣ የሁለቱ የውስጥ ግፊት ምልክቶች ለየብቻ ካልወጡበት የሚፈትሽላችሁ መሐንዲስ ከዜሮ ይጀምራል።

ከሦስቱ የአንዳቸውም ደንበኛ ያልሆኑ ሕንፃዎችም አሉ። የተፈጥሮ ፍሪኩዌንሲው ከ1 ኸርትዝ በታች የሆነ ቀጭን ፎቅ በንፋስ ስለሚወዛወዝ 0.85 የሆነው የነፋሻ ፋክተር አይበቃውም፤ ብዙ ማስያዎች ግን ቁጥሩን ቆልፈውታል። ከ18.3 ሜትር በላይ የሆነ ሕንፃ የሽፋን ኮኢፊሸንቱ ከሌላ ሠንጠረዥ ነው። የተጠማዘዘ ቅርጽ ያለው ወይም በረጃጅም ሕንፃዎች መካከል የቆመ ከሆነ መሄጃው የዊንድ ተነል ላቦራቶሪ ነው።